አስቸኳይ ሕክምና ፈልጋችሁ ካርድ ክፍል ስትቆሙ፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም አይደለሁም፤ ደሴና ወልዲያ ብዙ በሽተኛ ይዤ የተመላለስኩ አስታማሚ ነኝ፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እነሆ።

ሆስፒታል በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ነው ወይስ ድንገተኛ?

በሽተኛው ራሱን ከሳተ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ደም እየፈሰሰው ከሆነ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ካርድ ክፍል ወረፋ አትያዙ። ካርዱ በኋላ ይወጣል። ለዚህ ነው ቢያንስ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ የምለው፤ አንዱ ከበሽተኛው ጋር ይገባል፣ ሌላው ካርድ ያወጣል።

በር ላይ ጥበቃው "ካርድ አላችሁ?" ብሎ ቢያቆማችሁ አትከራከሩት። "ድንገተኛ ነው፣ መራመድ አይችልም፣ ዊልቸር የት አለ?" በሉት። ጥበቃው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሮጥላችኋል። በሽተኛው ራሱ እየተራመደና እየተናገረ ከሆነ ግን በመደበኛው መንገድ ካርድ አውጥታችሁ ልየታ ክፍል ትገባላችሁ። ሠራተኞቹ "ትሪያጅ" የሚሉት እሱን ነው።

ድንገተኛ የሚባለው ምን ምን ነው? ሁሉም በሽታ ለታማሚው ድንገተኛ አይደለም ወይ?

ለታማሚውማ ነው። የጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳል። ግን ቀን ሊጠብቅ የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ሕይወት ያተርፋል። ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም፣ በተለይ ላብ ካለው። ፊት በአንድ ወገን መጣመም፣ እጅ መዛል፣ አንደበት መተሳሰር። የማይቆም ደም። መንቀጥቀጥ። ትኩሳት አንገት ከመገተር ጋር። እባብ የነደፈው ሰው።

ሕፃን ልጅ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፈዞ አልነቃ ካለ ጠዋትን አትጠብቁ። ነፍሰ ጡር ደም ካየች፣ ከባድ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባትም እንደዚያው። ውሻ የነከሰውን ሰው ደግሞ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡለት፤ ከዚያ ሳትዘገዩ ሂዱ።

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ልታስገባኝ ወይም ልትከለክለኝ ትችላለች?

ሰው ሁሉ ቁልፉ በእሷ እጅ ያለ ይመስለዋል። የእሷ ሥራ ካርድ ማውጣት፣ የድሮ ካርድ መፈለግ፣ የመድን ደብተር ማየትና ወደ ክፍሉ መላክ ነው። ማን የበለጠ እንደታመመ የምትወስነው እሷ ሳትሆን ልየታ ላይ ያለችው ነርስ ናት። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ የሕመሙን ክብደት ለማስረዳት ጉልበታችሁን አትጨርሱ። "እህቴ፣ ካርዱን እየፈለግሽ በሽተኛው ልየታ ይግባልኝ?" በሏት። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሠርታልኛለች።

ለእሷ የሚጠቅማት ስም ነው። እኛ ጋ ሰይድ መሐመድ፣ ፋጡማ አሊ የሚባል ስንት ሰው አለ! ስሙን እስከ አያት፣ ከዕድሜና ከቀበሌ ጋር ንገሯት። ካርዱ በፊት የወጣው በየትኛው ስም እንደሆነም አስታውሱ። አባቴ በቤት ስሙና በመዝገብ ስሙ ሁለት ካርድ ወጥቶለት የድሮው የስኳር ውጤት ሳይገኝ ቀርቶ እንደገና ተመርምሯል።

ምን ብዬ ነው የምናገረው?

አብዛኞቻችን የምንሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የወሎ ሰው ሰላምታው ረጅም ነው። "አፊያ ናችሁ? ቤተሰብ ደህና?" ተባብለን ነው ወደ ነገራችን የምንገባው፤ "እንዴት ነህ?" ሲባል ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም አመስግኖ "ደህና ነኝ" ይላል፣ ቢታመምም። ቤት ውስጥ ይሄ ነገራችን ያምራል። ልየታ ላይ ግን ነርሷ የምትጽፈው የሰማችውን ነው።

አጎቴን ከለጋምቦ አምጥቼ አንድ ጤና ተቋም ይዤው ገባሁ። ነርሷ "አባ፣ ምን ሆኑ?" አለችው። "አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነው" አላት፣ ደረቱን በእጁ እየዳበሰ። እኔ ደግሞ አፌን ይዤ ቆምኩ፣ ሽማግሌ ሲናገር ጣልቃ መግባት ነውር መስሎኝ። ወንበር ተሰጠውና እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ። የልብ ሕመም እንደሆነ የታወቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ተርፏል። ግን ያንን ግማሽ ቀን እስከዛሬ አልረሳውም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሰላምታው አጭር ይሆናል። ከዚያ ባንድ ትንፋሽ አራት ነገር እናገራለሁ፦ ዕድሜው፣ ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ አሁን ምን እንደተለወጠ። "ሲስተር፣ የ60 ዓመት ሰው ናቸው፣ ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸዋል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ አሁን ላብ አጥምቋቸዋል።" በቃ። "በጣም አሟቸዋል፣ ስለ አምላክ ብላችሁ" የሚለውን ነርሷ ቀኑን ሙሉ ስትሰማው ነው የምትውለው፤ ምንም አይነግራትም። ሰዓቱን ስትሰማ ግን ቀና ብላ ታያችኋለች።

ስንት ሰዓት ልድረስ?

ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው። ተመላላሽ ሕክምና ግን የመንግሥት ሥራ ሰዓት ነው የሚከተለው፦ ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከዚያ ከ7፡30 እስከ 11፡30። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው እረፍቱ፤ ዓርብ 5 ሰዓት ላይ ካርድ ለማውጣት መድረስ ከንቱ ድካም ነው።

ሰኞ በጣም ይጨናነቃል። ቅዳሜና እሁድ ያደረው ሁሉ ሰኞ ጠዋት ይመጣል። ሕመሙ ማክሰኞን መጠበቅ የሚችል ከሆነ ማክሰኞን ጠብቁ። ባቲ ያላችሁ ደግሞ ሰኞ ገበያው ስለሆነ መኪናውም ሰው ጭኖ ነው የሚውለው፣ ይህን አስቡበት።

ምን ይዤ ልሂድ?

የድሮ ካርድ ወይም የካርድ ቁጥር፣ መታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተር፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነእሽጉ። የመድኃኒቱን ስም ከምትነግሩ እሽጉን አሳዩ። ባዶውንም ቢሆን አትጣሉት።

ከእኔ በኋላ የመጣው ሰው ቀድሞኝ ገባ። ዘመድ ስላለው ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ አይደለም። ልየታው በቀለም ነው የሚሠራው። ቀይ ማለት ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ የሚችል ማለት ነው። የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትኩሳትና አተነፋፈስ ተለክቶ ነው ቀለሙ የሚሰጠው። ሰዉ ሲበዛ እነዚህ ደቂቃዎች ይረዝማሉ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ከጎናችሁ ካለው አስታማሚ ጋር አትጣሉም። ሁለተኛ "ሲስተር፣ ምን ቀለም ነው የተሰጠን?" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አረንጓዴ ተሰጥቶት እየጠበቀ ሳለ የባሰበት ሰው እንደገና መለካት አለበት። ያን ጊዜ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ተመልሳችሁ "ቅድም እያወራ ነበር፣ አሁን ቃል ማውጣት አቅቶታል" በሉ። ይሄ ወረፋ መዝለል አይደለም።

"ዛሬ ወረፋ ሞልቷል፣ ነገ ና" ቢሉኝስ?

መጀመሪያ ማን እንዳለ ለዩ። የካርድ ሠራተኛ ከሆነ ያለው፣ ልየታ ላይ ያለ ባለሙያ እስኪያያችሁ ድረስ ወደ ቤት አትመለሱ። "እሺ ወንድሜ፣ ግን ነርስ ትየውና ነገ ይምጣ ካለች እመለሳለሁ" በሉት። በትሕትና፣ ግን ከመስኮቱ ሳትርቁ። በሽተኛውን ያየ ባለሙያ "ነገ ና" ካለ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ይህ ነው፦ "ሌሊት ምን ካየሁበት ነው ወዲያው የማመጣው?" መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። ነገ ደግሞ ካርዱ ስለወጣ በቀጥታ ወደ ክፍሉ መሄድ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ጤና መድን አለኝ፣ ሪፈር ግን አልያዝኩም። ይመልሱኛል?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ሪፈር ሲጽፍ ነው ሆስፒታሉ በመድን የሚያክመው። ሪፈር ሳትይዙ ለተራ ሕመም ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ እዚያ ላይ የካርድ ሠራተኛዋን መለመን ጥቅም የለውም፣ ደንቡን እሷ አላወጣችውም። ድንገተኛ ሲሆን ግን ሕክምናው ሪፈር አይጠብቅም። "በድንገተኛ ነው የገባነው" ብላችሁ ካርዱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ፣ ሒሳብ ሲሠራ ይጠቅማችኋል።

ይህ መድን ለወሎ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነው። እዚያው ወረዳ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ያሉ ሰዎች ደብተሩን ከኛ ቀድመው ያውቁታል። እነሱ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ደብተሩ በየዓመቱ መታደሱን ሳትታመሙ እዩት። ጊዜው ያለፈበትን ደብተር መስኮት ላይ ማወቅ ያስለቅሳል።

ገንዘብ ባልይዝ አያክሙኝም?

ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ላይ ገንዘብ አልያዝክም ተብሎ በሽተኛ በር ላይ መቆም የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ አገልግሎት የነፈገ የሕክምና ባለሙያን ይቀጣል። ይህን አንቀጽ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ እየጠቀሳችሁ አታስፈራሩ፤ ሰውን ያደነድናል። "መጀመሪያ ይታከም፣ ወንድሜ ገንዘብ ይዞ እየመጣ ነው" ማለት ይሻላል። አቅም ከሌላችሁ ደግሞ ማኅበራዊ አገልግሎት የሚባል ክፍል ካለ ጠይቁ፣ ከቀበሌ የሚጻፍ የድሃ ድሃ ማስረጃም አለ።

ወሊድ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ለእነዚህ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ማታ ነው፣ ያለነው ገጠር ነው። ማንን ልጥራ?

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወረዳዎችም የራሳቸው አምቡላንስ አላቸው፤ የሹፌሩን ስልክ የጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቃለች። ቁጥሩን ዛሬ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ሌሊት ላይ ቁጥር ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ። አምባሰልና ላስታ ተራራው ላይ መኪና የማይደርስበት ስንት ቦታ አለ! እዚያ ቅሬው (እድሩ) ነው ቃሬዛ ይዞ የሚደርሰው። ቅሬያችሁ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለበሽተኛም ተሸካሚ እንዲመድብ ስብሰባ ላይ አንሱት።

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ከተላካችሁ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት "ለሆስፒታሉ ደውላችሁለታል?" በሉ። ሪፈር የሚያገናኘው ክፍል ሊያዘን ይባላል። አስቀድሞ ከተደወለ አልጋ መኖር አለመኖሩ ይታወቃል። አልጋ ከሌለ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ይሻላል፣ ደሴ ደርሶ ኮሪደር ላይ ከመተኛት።

የግል ክሊኒክ ስደውል ስልክ የምታነሳዋ ልጅ "ሐኪሙ የለም" ትለኛለች። ምን ልጠይቃት?

ብዙ ስፔሻሊስቶች ቀን መንግሥት ሆስፒታል ውለው ከ11፡30 በኋላ ነው ወደ ግል የሚመጡት። ስለዚህ "ሐኪሙ አለ?" ብሎ መደወል ትርፉ "የለም" መባል ነው። "ዛሬ ይገባል ወይ? ስንት ሰዓት? በስልክ ትመዘግቢኛለሽ ወይስ መጥቼ ነው?" በሏት። ስሟን ጠይቁና ስትደርሱ በስሟ ጥሯት። ከዚያ ደግሞ ድንገተኛ ነገር ከሆነ የስፔሻሊስቱን ምሽት አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ሂዱ። ለዓይንና ለቆዳ ደግሞ ቦሩ ሜዳን አስቡ፤ ከደሴ ቅርብ ነው፣ በሁለቱም የታወቀ ነው።

ለስፔሻሊስት ከሦስት ወር በኋላ ቀጠሮ ተሰጠኝ፣ ሕመሙ ግን እየባሰብኝ ነው።

ቀጠሮው የተሰጠው ያን ቀን ለነበረው ሕመም ነው። ከባሰባችሁ ሌላ በሽተኛ ናችሁ ማለት ነው። ቀጠሮ መዝጋቢዋን "አሳጥሪልኝ" ማለት ብዙም አያስኬድም፣ እሷ መዝገቡን ነው የምታየው። ወደ ጤና ጣቢያችሁ ተመለሱ፣ ምን እንደተለወጠ ንገሩ፣ አዲስ ሪፈር "አስቸኳይ" ተብሎ ይጻፍላችሁ። በዚያ ወረቀት መዝጋቢዋም የምትይዘው ነገር ታገኛለች። ሌላው መንገድ የሚቀር ሰው ካለ እንድትደውልላችሁ ሁለት ስልክ ቁጥር መተው ነው፤ አንዱ ኔትወርክ ያለበት ከተማ የሚኖር ዘመድ ይሁን።

የማውቀው ሠራተኛ አለ። ልደውልለት? ወይስ ትንሽ ነገር እጇ ላይ ላስይዝ?

ገንዘብ አታስይዙ። እናንተ ሃምሳ ብር ስትሰጡ ከኋላችሁ ያለችው ከወረባቦ በእግሯ የመጣች እናት ሃምሳ ብር የላትም። ነገ ደግሞ እናንተም ባዶ እጃችሁን ትመጣላችሁ።

የሚያውቁት ሰው ጉዳይ ከበድ ይላል። እኛ ጋ ዘመድ ያልሆነ የለም፣ ሁሉም በአንድ አያት ይገናኛል። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ መረጃ ለመጠየቅ እደውላለሁ፣ ቦታ ለመቀማት አልደውልም። "ዛሬ የሕፃናት ሐኪም አለ ወይ? የት ክፍል ነው?" ይህ ማንንም አይጎዳም። "ቀድመህ አስገባኝ" ግን ሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ የምታውቁትን ልጅ ከባልደረቦቹ ያጣላዋል።

መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ጮኸችብኝ፣ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ዝም ልበል?

ያን ሰዓት አዎ፣ በሽተኛው እስኪገባ ድረስ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ወልዲያን ጨምሮ ስንት ሆስፒታል ተዘርፎ ከባዶ እንደተነሳ እናውቃለን። ሠራተኞቹ ደክመዋል። ግን ድካም ሽማግሌን ለማመናጨቅ ፈቃድ አይሆንም፣ እናንተም ከገጠር ስለመጣችሁ አንገት አትድፉ።

በሽተኛው ከታየ በኋላ ቅሬታ ሰሚ ክፍሉን ወይም የአስተያየት መዝገቡን ጠይቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መስኮቱን፣ የተባላችሁትን ቃል በቃል ጻፉ ወይም አጽፉ። "ሠራተኞቹ ክፉ ናቸው" የሚል ቅሬታ የትም አይደርስም። "ማክሰኞ 3፡20፣ 2 ቁጥር መስኮት፣ እናቴን 'ደንቆሮ' አለቻት" የሚለው ግን መልስ ይጠይቃል። በጎ ያደረገላችሁንም እዚያው መዝገብ ላይ ስሙን ጻፉለት። ማንም አይጽፍላቸውም።

ታማሚዋ አማርኛ አትችልም። እኔ ላስተርጉምላት?

ከሚሴ፣ ባቲ አካባቢ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ዋግ በኩል ኽምጣኛ የሚናገር ብዙ ሰው አለ። መጀመሪያ ቋንቋውን የሚችል ነርስ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አለ። ከሌለ ትልቅ ሰው ያስተርጉም። ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ትደብቀዋለች፣ እውነቷን ነው።

እናቴ ነርሷ ፊት ስትቀርብ "ደህና ነኝ" ብላ ታሳፍረኛለች። ምን ላድርግ?

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው፤ እናትን በሰው ፊት ማስተባበል ይከብዳል። እኔ ባጃጅ ላይ ሳለን ነው የምጀምረው። "እማ፣ ዛሬ ነርሷ ስትጠይቅሽ ምስጋናውን በልብሽ በይው፣ ለሷ ሕመሙን ብቻ ንገሪያት" እላታለሁ። ትስቃለች። ሌሊት ያየሁትን በስልኬ እጽፋለሁ፤ ስንቴ እንዳስመለሳት፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳች፣ ምን ያህል እንደበላች።

ልየታ ላይ ያው "ደህና ነኝ ልጄ" ካለች አላስተባብላትም። "እናቴ አትማረርም፣ ሌሊት ያየሁትን ላንብብልሽ ሲስተር" እልና አነባለሁ። እናቴ ስትሰማው ዝም ትላለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እሱስ እውነቱን ነው፣ ወገቤም አለ" ትላለች፣ ለኔ ያልነገረችኝን።